ከመንቀላችሁ በፊት በጥፍር ፋቅ አድርጉት፦ በእምነት እንደገና ለመጀመር

አምስት ደብተሮች አሉኝ። የአምስቱም የመጀመሪያ ገጽ ላይ «አዲስ ሕይወት» የሚል ርእስ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት መስመር ተሰምሯል። ከዚያ ሰባት ስምንት ገጽ በጥንቃቄ የተጻፈ ዕቅድ አለ። ከዚያ ባዶ። በአንደኛው ላይ የልጅ ልጄ ድመት ሥላበታለች፤ እሱ ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቅሟል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ተቀምጬ እነዚያን ደብተሮች እንደ ኦዲተር መረመርኳቸው። ጉድለቱ ያለው የት ላይ ነው? ለማግኘት ሩብ ሰዓትም አልፈጀብኝ። አምስቱም ዕቅዶች ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ካለፈው ዓመት ምን እንደተረፈ፣ ምን ዕዳ እንዳለ፣ ምን ገና በሕይወት እንዳለ አንዳቸውም አይጠይቁም። መሥሪያ ቤት እንዲህ ብሠራ በማግስቱ እባረር ነበር። የአሮጌው ዓመት መዝገብ ሲዘጋ ቀሪው ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ ዕዳውም ሀብቱም አብሮ።

ከዚህ በታች ያለው በስድስተኛው ሙከራ የተማርኩት ነው። ስድስተኛው ደብተር የለውም። የጀመረው በደረቀች ጽጌረዳ ነው።

ቀን አትቁረጡ

እንደገና ለመጀመር ጸደይን የሚጠብቁ አሉ፤ ጸደይ መቼ ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ላቆየው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። እስራኤላውያን ከባርነት ሊወጡ ሲሉ እግዚአብሔር ቀን መቁጠሪያቸውን ቀየረላቸው። ዘጸአት 12፥2ን አንብቡት፤ ይህ ወር የወሮች መጀመሪያ ይሁንላችሁ ይላቸዋል። ወሩ አቢብ ነው፤ ቃሉ የገብስ እሸትን ያመለክታል። የእሸት ወር በሉት።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር ነው። ይህ የተነገራቸው ገና ግብፅ ውስጥ እያሉ ነው። ባሕሩ አልተከፈለም። ፈርዖን ዙፋኑ ላይ ነው። ጡቡም አላለቀም። አዲሱ ዓመት ግን ተጀምሯል።

ክርስቶስ የተነሣውም በዚያው በፋሲካ ሰሞን ነው። ቤተ ክርስቲያንም በኋላ የትንሣኤን በዓል ከጸደይና ከሙሉ ጨረቃ ጋር አያይዛ መቁጠር ጀመረች። በደቡቡ የምድር ክፍል ርቀው የሚኖሩ ክርስቲያኖች ግን ያንኑ ትንሣኤ የሚያከብሩት ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። ስለዚህ ወቅቱ ይረዳል እንጂ አይወስንም። «ከሰኞ ጀምሮ» የሚለውን ተዉት። እኔ የጀመርኩት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም እጄ አፈር እንደሆነ።

ፋቁት

አራት ወር እናቴን ሳስታምም ቆይቼ ወደ ቤቴ ስመለስ በረንዳዬ ላይ ያለችው ጽጌረዳ አልቆላታል። ቅጠል የለም። ግንዱ ቡናማ ሆኗል። አፈሩ ከመትከያው ጠርዝ ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ይዤ ልነቅላት ስል ጎረቤቴ በአጥር ላይ አዩኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሰማንያን ተሻግረዋል።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ምን አደረገችሽ?»

«ሞታለች ጋሼ።»

«በጥፍርሽ ፋቅ አድርገሽ አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ፋቅሁት፤ ደረቅ፣ ቡናማ። ወረድ ብዬ ፋቅሁ፤ ያው ነው። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሦስተኛውን ፋቅ ሳደርገው ከቅርፊቱ ሥር እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ታየ። እርጥብ ነበር። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ግማሽ ሰዓትና አንድ ወረቀት ይበቃል። የወደቃችሁበትን አትዘርዝሩ፤ እሱን ያለ ወረቀትም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፈልጉ። በእምነት ሕይወታችሁ ውስጥ ማንም ሳያዛችሁ አሁንም የምታደርጉት ምንድን ነው? አሁንም የሚያሳፍራችሁ ምንድን ነው? ኀፍረት የሞተ ሰው አይሰማውም፤ ስለዚህ እሱንም በሀብት በኩል መዝግቡት።

የእኔ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ወጣ። አንደኛ፣ መብራት ካጠፋሁ በኋላ «አቤቱ ማረኝ» ማለት አልተውኩም፤ ሳላስበው ነው የምለው። ሁለተኛ፣ ሰው ሲታማ ተሳትፌ ወደ ቤቴ ስመለስ ሆዴ ይረበሻል። ሦስተኛ፣ መዝሙር ስሰማ ከማጠብ እጄን አነሣለሁ። ይኸው ነው። ከሃምሳ ምናምን ዓመት ክርስትና የተረፈው ሦስት መስመር። መጀመሪያ አፈርኩበት። ከዚያ ኢሳይያስ 42 ትዝ አለኝ፤ የተቀጠቀጠ ሸምበቆ የማይሰብር፣ የሚጤስ ክር የማያጠፋ አገልጋይ ይመጣል ይላል። የሚጤስ ክር እኮ መብራት አይሰጥም፤ ጭስ ብቻ ነው። እሱን እንኳ አላጠፋውም።

ወረቀቱ ላይ አንድም ነገር የማይወጣላችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ለምን አነበባችሁ? እሱን ጻፉ።

መቀሱን ስታነሡ

ጽጌረዳ ሲገረዝ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሞተው ይቆረጣል። ቀጥሎ የታመመው። ከዚያ እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ ቅርንጫፎች ካሉ ከሁለቱ አንዱ ይወጣል፤ ምክንያቱም ሲፋተጉ ቅርፊታቸው ይላጥና በቁስሉ በሽታ ይገባል። የምትቆርጡት ወደ ውጭ ከምትመለከት እንቡጥ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ነው፣ ሰያፍ አድርጋችሁ። ተክሉ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሕይወት ካለው ክፍል በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አትንኩ።

ሞቶ የቀረውን መቁረጥ ቀላል ነው። የታመመውንም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለእያንዳንዳችን ስሙ ይለያያል። የእኔ ስልክ ነበር። አልጋ ውስጥ ይዤው እገባለሁ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ፎቶ እያየሁ ራሴን አገኘዋለሁ። አሁን ሳሎን ያድራል። አልጋ አጠገብ የነበረው ቻርጀር ተነቅሎ መሳቢያ ገብቷል። በጸሎት ብቻ አልተላቀቅሁም፤ ቻርጀሩን መንቀል ነበረብኝ።

ከባዱ የሚፋተጉት ናቸው። ሁለቱም ጤነኛ፣ ሁለቱም ለምለም። እኔ በቤተ ክርስቲያን ሦስት ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። የሒሳቡ ሥራዬ ነው፤ ደስ ይለኛል። በሽተኛ የሚጠይቀውንም እወደዋለሁ። ሦስተኛው ውስጥ የገባሁት ግን አንዲት ሴት ሰብሳቢ እንዳትሆን ለመከላከል ነበር። ይኸው፣ ተናገርኩት። በየስብሰባው ማግስት ሁለት ቀን አልጸልይም ነበር፣ በንዴት። ከሦስተኛው ወጣሁ። እሷ ሰብሳቢ ሆነች፣ ጥሩም እየሠራች ነው፤ ይህንን ለመጻፍ ትንሽ አሞኛል።

ዮሐንስ 15 ላይ ጌታ ስለ ወይን ግንድ ሲናገር አብ ፍሬ የሚሰጠውን ቅርንጫፍ «ያጠራዋል» ይላል አማርኛችን። ልጅ እያለሁ ይህ ቃል ግር ይለኝ ነበር፤ ቅርንጫፍ እንዴት ይጠራል? በግሪክኛው ግን ለመግረዝ የገባው ቃል ከንጽሕና ጋር አንድ ሥር አለው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ላይ «ንጹሐን ናችሁ» ሲላቸው ያው ሥር ነው። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። ደግሞ ልብ በሉ፤ የሚጠራው ፍሬ የሚሰጠው ነው። አንድ ጥሩ ነገር እንድትተዉ ስትገደዱ ሁልጊዜ ቅጣት አድርጋችሁ አትዩት።

ሲሶውን ግን አትርሱ። በአንድ ሳምንት ስልኩንም፣ ጓደኛውንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ እንቅልፉንም የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ። ደብተር ቁጥር ሁለት።

በ32ኛው ቀን ያመለጠኝ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔም አምስቴ ዘልየዋለሁ።

በየደብተሩ «መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሮ» የሚል አለ። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ዘፍጥረት 50 ምዕራፍ ነው፣ ዘጸአት 40። በቀን 3 ምዕራፍ ብታነቡ ሁለቱን በ30 ቀን ትጨርሳላችሁ። በ31ኛው ቀን ጠዋት ዘሌዋውያን። መሥዋዕት፣ ስብ፣ ኩላሊት። ቀኑ ሲያልቅ ምዕራፍ 3 ላይ ነን። ሦስት ጊዜ እዚያ ደረስኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ በማግስቱ አልተመለስኩም።

በማግስቱ የሚነበበው ከ4 እስከ 6 ነበር። ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ የእኔ ጉዳይ ተጽፏል።

ሰው በአደራ የተሰጠውን ቢክድ፣ ቢቀማ፣ ቢያታልል ምን ያድርግ? ያንኑ ይመልስ፣ አንድ አምስተኛ ይጨምርበት፣ ለባለቤቱ ይስጥ ይላል። መሥዋዕቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዘኁልቍ 5 ላይም ይደገማል፤ መናዘዝ፣ መመለስ፣ አምስተኛ እጅ መጨመር። ጌታም በማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ ሲል ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ዘኬዎስን አስታውሱት። ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ሰጠ፣ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ማንም አልጠየቀውም። ጌታ ቤቱ ስለገባ ብቻ አፉን ከፈተ።

የእኔ ዕዳ ለታላቅ እህቴ ነበር። ከ11 ዓመት በፊት ጣሪያ ለማስጠገን አበደረችኝ። ጣሪያው ተጠገነ። ገንዘቡ አልተመለሰም። መጀመሪያ አጥቼ ነው። ቀጥሎ ረስቼ። ከዚያ እሷም አንድ ቀን ሰው ፊት ክፉ ቃል ተናገረችኝ፤ እኔም በልቤ «እንግዲህ ተካክሰናል» አልኩ። ለሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ሒሳብ ሳስታርቅ የኖርኩ ሴት ስድብን ከገንዘብ ጋር አጣፋሁ። በየትኛው ደንብ?

ንስሐ ማለት ማልቀስ ይመስለኝ ነበር። ደግሞም አለቅሳለሁ፤ እንባ አያንሰኝም። ነገር ግን ነቢያቱ «ተመለሱ» ሲሉ የሚጠቀሙበት የዕብራይስጥ ቃል መንገደኛ ዞሮ ሲመጣ የሚባለው ያው ቃል ነው። እግር ያለው ነገር ነው። እኔ ቆሜ ነበር የማለቅሰው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ወረቀት ውሰዱ፤ በግራ ስም፣ በቀኝ የወሰዳችሁትን ጻፉ። ገንዘብ ብቻ አይደለም። ያጠፋችሁት ስም፣ ተውሳችሁ ያልመለሳችሁት መጽሐፍ፣ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ በእናንተ ስም የተመሰገነ። ትንሹን አስቀድሙ። እኔ በመጽሐፍ ጀመርኩ፤ ከአንድ ጓደኛዬ ወስጄ የቆየሁትን መለስኩ። እሷ ጭራሽ ረስታዋለች። ያ ድፍረት ሰጠኝ።

ከዚያ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ያንን ገንዘብ ላመጣልሽ ነው።»

«የቱን ገንዘብ?» አለች። በደንብ ታውቀዋለች።

«የጣሪያውን።»

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። «አሁን ምን ተገኘ?»

በአንድ ጊዜ አልነበረኝም። ዋናውን ለአምስት አካፍዬ አንዱን እጅ ጨመርኩበት፤ ድምሩን በአራት ወር ከፈልኩት። በ11 ዓመት ውስጥ የገንዘብ አቅም ምን ያህል እንደሚወርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አምስተኛው እጅ እንኳ በቅጡ አይክሰውም። የመጨረሻውን ስሰጣት ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። «ይሄ በዝቷል» አለች። ዘሌዋውያን ነው አልኳት። «አንቺ? ዘሌዋውያንን?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

አልተቃቀፍንም። ስለ ስድቡም ይቅርታ አልጠየቀችኝም። አሁን ግን እኔ ስደውል ታነሣለች። እኔ መመዝገብ የምችለው በራሴ በኩል ያለውን ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሳታውቀው ለኖረች ነፍስ የቆየ ኀጢአት ሄዶ መዘርገፍ አንዳንዴ የራስን ሸክም በሌላ ትከሻ መጣል ነው። እንዲህ ዓይነቱን መጀመሪያ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከምታምኑት የበሰለ ሰው ጋር ተማከሩበት። ሌላው፣ የጎዳችሁ ሰው አሁንም የሚጎዳችሁ ከሆነ፣ የሚመታ፣ የሚያስፈራራ ከሆነ፣ ይቅር ማለት ተመልሶ እጁ ላይ መግባት አይደለም። በልባችሁ ይቅር በሉ፣ በራችሁን ግን ቆልፉ።

ባዶ ቤት

ማቴዎስ 12 ላይ ያለችውን አጭር ታሪክ ታውቋታላችሁ። ርኩስ መንፈስ ከሰው ይወጣል፣ ይዞራል፣ ዕረፍት ያጣል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሲመጣ ቤቱ ተጠርጓል፣ አጊጧል፣ ግን ባዶ ነው። ሰባት ይዞ ይገባል። የመጀመሪያው ሰሞን ጽዳት ለምን እንደማይበረክት ከዚህ የተሻለ የነገረኝ የለም።

ስለዚህ በቆረጣችሁበት ቦታ አንድ ነገር ትከሉ። አንድ። ትንሽ። አትክልት የሚዘሩ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ዘር የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ትንሽ ዘር ጠልቆ ከተቀበረ ውስጡ ያለው ስንቅ ብርሃን ሳያይ ያልቃል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ሁለት ሰዓት መጸለይ ለእኔ እንዲህ ነበር፤ በአራተኛው ቀን አፈር ውስጥ ቀረሁ።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ጠዋት ውኃ እስኪፈላ ድረስ ቆሜ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ። የጀመርኩት በማርቆስ ወንጌል ነው፤ 16 ምዕራፍ ነው፣ በ16 ቀን ያልቃል። መጨረስ ደስ ይላል። ውኃው ቶሎ ከፈላ አጠፋዋለሁ እንጂ ንባቡን አላቋርጥም። ስልኩ ሳሎን ስለሚያድር ሌላ የሚጠራኝ የለም። ማታ ደግሞ ያችን «አቤቱ ማረኝ» የምትለዋን አሁን አውቄ እላታለሁ፤ ከዚያ የአንድ ሰው ስም እጨምርባታለሁ። በዚህ ሰሞን የዚያች የኮሚቴ ሰብሳቢ ስም ነው።

ጥላ ውስጥ ይቆይ

አዲስ የተተከለ ነገር ጠራራ ፀሐይ ላይ አይወጣም። ማዳበሪያም ወዲያው አይደረግበትም፤ ያልጠና ሥር ያቃጥላል። ቤት ውስጥ የበቀለ ችግኝ ወደ ውጭ ሲወጣ መጀመሪያ ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ ነገ ትንሽ ጨምሮ፣ እንዲህ እየተባለ እስከ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይለማመዳል።

ስለዚህ አትለጥፉት። «ከዛሬ ጀምሮ ሕይወቴ ተለውጧል» የሚለውን ለሰው አትላኩ። ጳውሎስ እንኳ በደማስቆ መንገድ ላይ ያንን ሁሉ ብርሃን አይቶ፣ ገላትያ 1 ላይ እንደሚተርከው ወደ ዓረብ አገር ሄደ፣ ወደ ደማስቆ ተመለሰ፣ ጴጥሮስን ለማየት ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለአንድ ሰው ንገሩ። የሚጠይቃችሁ፣ ግን የማያጨበጭብላችሁ ሰው። ለእኔ ጋሼ ናቸው። «እንዴት ናት?» ይሉኛል በአጥሩ ላይ። ስለ ጽጌረዳዋ ይሁን ስለ እኔ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።

ሰነፍ ቀን ሲመጣ

ይመጣል። የእኔ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስልኩ ተመልሶ አልጋ ውስጥ ገባ፣ ሁለት ቀን። ድሮ ቢሆን ደብተሩ እዚህ ጋ ነበር የሚዘጋው።

ጴጥሮስን አስቡት። ሊቀ ካህናቱ ግቢ ውስጥ የከሰል እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ጌታ ቁርስ ሲያሰናዳላቸው የጠበቃቸው በከሰል እሳት ነው። የግሪክኛው ቃል በአዲስ ኪዳን የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ዮሐንስ 18 እና 21። ያው ሽታ፣ ያው ሙቀት። ሦስት ክህደት ነበር፤ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ተባለ። ስለዚህ ስትወድቁ ወደ ሌላ ንጹሕ ቦታ ሸሽታችሁ ለመጀመር አትሞክሩ። የወደቃችሁበት ቦታ ተመለሱ። እኔ ቻርጀሩን እንደገና ነቀልኩ፤ ያው ሶኬት፣ ያው መሳቢያ።

ማርቆስም አለ። ጳውሎስንና በርናባስን በጴርጌን ጥሏቸው ተመለሰ። ጳውሎስ ድጋሚ አልወስደውም ብሎ ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ተጣሉበት። ከዓመታት በኋላ ግን ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ይጠቅመኛል ይላል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው፣ ጠዋት ውኃ እስኪፈላ የማነበው ወንጌል የዚያ ጥሎ የተመለሰው ልጅ ነው።

የመጨረሻ ሥራችሁ ቀን መጻፍ ነው። ሉቃስ 13 ላይ ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣባትን በለስ ቁረጣት ሲል፣ የወይን ሠራተኛው አንድ ዓመት ለመነላት። ዝም ብሎ አልለመነም፤ ዙሪያዋን እኮተኩታለሁ፣ ፋንድያም አፈስላታለሁ አለ። ቀነ ገደብ አለው፣ ሥራም አለው። በለሷ በኋላ አፍርታ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

እናንተም ከዛሬ አንድ ዓመት ቆጥራችሁ ቀኑን ሁልጊዜ በምታዩት ቦታ ጻፉ። እስከዚያ ድረስ ነቅለን እንጣል የሚባል ነገር የለም፤ መኮትኮት ብቻ። እኔ የጻፍኩት በጽጌረዳዋ መትከያ ላይ ነው። ሁለት ቀንበጥ አውጥታለች፤ አንደኛው ወፍራም፣ ሌላው ከእርሳስ የቀጠነ። አበባ ገና የለም። መጀመሪያ በማርከር ጽፌው ውኃ ሳጠጣ ግማሹ ታጠበ። አሁን በዘይት ቀለም ደግሜዋለሁ።